አተንቦሮ፦ ከአንዲት መንደር የወጣ ስም

ሰላም፦ ጤና ይስጥልን ወዳጆቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ወሬያችን ስለ ስም ነው። ስለ አንድ የእንግሊዝ ስም። ዮናስ ሰሞኑን በደወለ ቁጥር ሌላ ነገር አያወራም። እስቲ ይህ ነገር ከየት ያዘህ?

ዮናስ፦ ከባቡር ላይ። ከልጄ ጋር ወደ ኖቲንግሃም እየሄድን ነበር። ባቡሩ አንዲት ትንሽ ጣቢያ ላይ ቆመ። ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ገና ማንበብ የጣፈጠው ሰሞን። ሰሌዳውን ፊደል በፊደል አነበበና «አባዬ፣ አተንቦሮ ይላል! ሰዎቹ ስለሚወዱት ነው ጣቢያውን በሱ ስም የጠሩት?» አለኝ።

ሰላም፦ ዴቪድ አተንቦሮን ማለቱ ነው፤ የእንስሳት ፊልም ላይ የሚተርኩት።

ዮናስ፦ አዎ፣ ቤታችን ድምፃቸው የማይሰማበት ሳምንት የለም። እኔም «ይሆናል ልጄ» አልኩት። ማታ ቤት ገብቼ ሳነብ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘሁት። መንደሯ ናት ለሰዎቹ ስም የሰጠችው። ያውም ከስንት መቶ ዓመት በፊት። ያን ሌሊት ሳላውቀው ስምንት ሰዓት ሆነ።

ሰላም፦ ከመቀጠላችን በፊት፣ ዛሬ የምንጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እሺ፣ መንደሯ የት ናት?

ዮናስ፦ ትሬንት የሚባል ወንዝ ዳር፣ ከኖቲንግሃም ከተማ ወደ ደቡብ ምዕራብ። ባለፈው ቅዳሜ ሆን ብለን ሄድን። ከባቡሩ ስትወርጂ የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሹል ጣሪያ ይታይሻል። ከሱ አልፎ ውሃ ነው፤ አንዱ ኩሬ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል። ከ1929 ጀምሮ ጠጠር ሲቆፈርበት የኖረ መሬት ነው። ጉድጓዱ ውሃ ሞላው፣ ወፎች ሰፈሩበት፤ አሁን የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ነው። በ1966 መርቆ የከፈተው ማን ይመስልሻል?

ሰላም፦ እንዳትለኝ!

ዮናስ፦ ራሳቸው ዴቪድ አተንቦሮ። ስሙ ከዚያች መንደር ወጣ፣ ዞሮ ዞሮ በሰው ተመስሎ ተመለሰ። በ2005 ደግሞ የጎብኚዎቹን ማዕከል ሊመርቁ መጡ።

ሰላም፦ ስሙ ራሱ ትርጉም አለው?

ዮናስ፦ አለው። የመጨረሻው ክፍል በጥንቱ እንግሊዝኛ የተመሸገ ስፍራ ማለት ነው። የፊተኛው ደግሞ የአንድ ሰው ስም ነው፤ አዳ ወይም ለሱ የቀረበ። ስለዚህ «የአዳ ምሽግ» ልትይው ትችያለሽ። ሰውየው ማን እንደነበር የቀረ ወሬ የለም። ምሽጉ ፈርሶ ስሙ ቀረ።

ሰላም፦ አንድ ነገር አልገባኝም። የመንደሩ ሰው በሙሉ አተንቦሮ ከተባለ ስሙ ምን ይጠቅማል? መለያ አይሆንም እኮ።

ዮናስ፦ ዋናው ነገር እሱ ነው! በመንደሩ ውስጥ ማንም በመንደሩ ስም አይጠራም። እዚያው ያለ ሰው ቀጥቃጩ ዮሐንስ፣ ቀዩ ዮሐንስ፣ የእገሌ ልጅ ዮሐንስ ነው። ሰውየው ወጥቶ ሌላ ቦታ ሲኖር ነው «የአተንቦሮው ዮሐንስ» የሚሉት።

ሰላም፦ እኛም ጋ እኮ እንዲሁ ነው። መንዝ ላይ መንዜው የሚባል ሰው የለም። አዲስ አበባ ሲገባ ነው መንዜው የሚሆነው። እኛ ሰፈር ጎንደሬው የሚባል ባለሱቅ ነበር፤ ትክክለኛ ስሙን የሰማሁት ለቀብሩ ስሄድ ነው።

ዮናስ፦ ልዩነቱ ምን መሰለሽ፣ የጎንደሬው ልጅ ጎንደሬው ተብሎ አልቀጠለም። የአተንቦሮው ልጅ ግን ቀጠለ። እንግሊዝ ውስጥ ይህ የተጀመረው ከፈረንሳይ በኩል ከመጡት ኖርማኖች ወረራ፣ ከ1066 በኋላ ነው። መጀመሪያ ባለርስቶቹ ያዙት፤ መሬቱን ለልጅ ሲያወርሱ የመሬቱም ስም አብሮ ይወረሳል። ቀስ እያለ ወደ ነጋዴውና ወደ ገበሬው ወረደ። እስከ 1400 ገደማ አብዛኛው እንግሊዛዊ ከአባት ወደ ልጅ የሚሄድ ስም ነበረው።

ሰላም፦ የእንግሊዝ ጎረቤቶች ዌልሶቹስ? ከእኛ ጋር ይመሳሰላሉ ሲባል ሰምቻለሁ።

ዮናስ፦ ቁርጥ እኛን! «አፕ» ማለት «የእገሌ ልጅ» ነው። ሪስ አፕ ሃወል፣ ልጁ ደግሞ እገሌ አፕ ሪስ። በየትውልዱ ይለወጣል። ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ የእንግሊዝ ሕግና ጽሕፈት እየገፋ ሲመጣ አንዱ ላይ ቆመ። አፕ ሃወል ፖዌል ሆነ፣ አፕ ሪስ ፕራይስ ሆነ። ዛሬ ፕራይስ የሚባል ሰው ስታገኚ፣ አንዱ ትውልድ ላይ ሰዓቱ እንደቆመ ቁጠሪው።

ሰላም፦ የኛ ሰው ውጭ አገር ሲሄድ የሚገጥመው ይኸው አይደል? ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ይላል፤ እኛ የአባት ስም እንሞላለን።

ዮናስ፦ እኔ ቤት ደርሷል። ልጄ ሲወለድ በኛ ወግ ዮናስን የአባት ስም አድርገን አስመዘገብነው። በኔ ፓስፖርት ላይ ደግሞ በቤተሰብ ስም ቦታ የተጻፈው የአባቴ ስም ነው። አንድ ጊዜ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ መኮንኑ ሁለቱን ፓስፖርት ጎን ለጎን ይዞ «ይህ ልጅ ምንህ ነው?» አለኝ። ልጄ ነው። «ስማችሁ አይገናኝም» አለ። ግማሽ ሰዓት ቆምን። ልጄ እጄን ጥብቅ አድርጎ ይዞ ነበር፤ ያን ጊዜ ሦስት ዓመቱ ነው። ለእኛ ከዚያ በላይ መገናኛ የለም እኮ፤ ስሜ ስሙ ውስጥ አለ! ያን ለሰውየው ማስረዳት አልቻልኩም።

ሰላም፦ አይዞህ። ስንቱ ወላጅ ይህን አይቶታል መሰለህ።

ዮናስ፦ ብዙ ሰው። እና ይህን ስም ስከታተል አንዱ የገፋፋኝ ያ ቀን ነው። ሰዎቹ በስም ላይ ይህን ያህል እምነት የጣሉት ለምንድን ነው ብዬ።

ሰላም፦ ወደ አተንቦሮዎቹ እንመለስ። ስሙ ተያዘ፣ ከዚያስ? ሰዎቹ የት ሄዱ?

ዮናስ፦ ደስ የሚለው ይሄ ነው፤ ሩቅ አልሄዱም። ይህን ማወቅ የተቻለው ደግሞ በመዝገብ ነው። በ1538 ቶማስ ክሮምዌል፣ የሄንሪ ስምንተኛ ባለሟል፣ እያንዳንዱ አጥቢያ ክርስትና የተነሳውን፣ ያገባውንና የተቀበረውን በየሳምንቱ እንዲጽፍ አዘዘ። ያ መዝገብ ነው እንግዲህ እረኛውንና እንጀራ ጋጋሪዋን ሳይቀር በስም ያስቀረልን። ንጉሥ ሁሌም ይጻፍለታል። ድሃ ግን ያለዚያ መዝገብ ጠፍቶ ነበር። እኔን እንባ እንባ የሚለኝ ይሄ ነው።

ሰላም፦ ጸሐፊው እንደሰማው ነው የሚጽፈው መቼም።

ዮናስ፦ እንደ ጆሮው! አንድ ቤተሰብ በሁለት ቄስ እጅ ሁለት ዓይነት ስም ይወጣለታል። ዛሬም ኖቲንግሃም አካባቢ መጨረሻው በሌላ ፊደል የሚጻፍ አተንቦሮ አለ። በኋላ ደግሞ የሕዝብ ቆጠራ መጣ። ለስም አጥኚዎች ትልቁ የ1881ዱ ነው፤ በአንድ የኤፕሪል ሌሊት በመላው ብሪታንያ በየቤቱ ያደረ ሰው ሁሉ ተጽፏል። በጎ ፈቃደኞች ከእጅ ጽሑፉ ወደ ኮምፒውተር ገለበጡት። አሁን አንድ ስም ትሰጪና ካርታ ላይ ይወጣልሻል። ስሚዝን ካልሽ ካርታው በሙሉ ቀይ ይሆናል። ስሚዝ ቀጥቃጭ ማለት ነው፤ ቀጥቃጭ የሌለበት መንደር የለማ። አተንቦሮን ካልሽ ግን ኖቲንግሃምሻየርና ጎረቤቱ ደርቢሻየር ላይ ይበረታል። ሌላው አገር ፈዛዛ ነው።

ሰላም፦ ከስንት መቶ ዓመት በኋላ እዚያው አካባቢ።

ዮናስ፦ አዎ። ሄንሪ ጋፒ የሚባል ሰው በ1890 ስለ ስሞች መኖሪያ መጽሐፍ ሲያወጣ፣ የቆጠረው የገበሬዎችን ስም ብቻ ነበር። ለምን? ገበሬ መሬቱን ለቆ አይሄድም ብሎ ነው። ብልህ ሰው ነበር።

ሰላም፦ የዴቪድ አተንቦሮ ቤተሰብም ከዚያው ነው?

ዮናስ፦ እሳቸው ለንደን ዳር ነው የተወለዱት፣ በ1926። አባታቸውን ግን እይ። ፍሬድሪክ አተንቦሮ በ1887 ስቴፕልፎርድ የምትባል ከተማ ተወለደ። ስቴፕልፎርድ ከአተንቦሮ መንደር በእግር አንድ ሰዓት ምናምን ነው! ከዚያ በላይ አይርቅም። ካርታውን አጉልቼ ሁለቱን ስም በአንድ ስክሪን ላይ ሳያቸው ሚስቴን ከእንቅልፏ ቀሰቀስኳት።

ሰላም፦ ምን አለችህ?

ዮናስ፦ «ነገ ንገረኝ» አለችኝ። ፍሬድሪክ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነው፤ ተምሮ የጥንቱን የእንግሊዝ ነገሥታት ሕግ የሚተረጉም ሊቅ ሆነ። ያም ማለት ስሙ የተፈጠረበትን ቋንቋ ነው ያጠናው። በ1932 ሌስተር የሚባል ከተማ ውስጥ ያለ ኮሌጅ ኃላፊ ሆነ፤ እስከ 1951 መራው። ኮሌጁ የተቋቋመው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱት መታሰቢያ ነው። እነ ዴቪድና ታላቅ ወንድማቸው ሪቻርድ፣ ተዋናይና የፊልም አዘጋጅ የነበሩት፣ እዚያው ግቢ ውስጥ አደጉ። አሁን ልብ በይ። በፍሬድሪክ ዘመን፣ በ1948፣ ኮሌጁ ውስጥ የእንግሊዝን የየአካባቢ ታሪክ ብቻ የሚያጠና ክፍል ተከፈተ። ሆስኪንስ የሚባል ታሪክ ጸሐፊ ነው የጀመረው። ፍሬድሪክ ወዳጁ ነበር፤ ካሜራ ይዞ ገጠር ለገጠር እየዞረ ፎቶ ያነሳለት ነበር። ከዓመታት በኋላ ያ ክፍል የእንግሊዝን የቤተሰብ ስሞች በየአውራጃው ማጥናት ጀመረ።

ሰላም፦ ከዚያ ዲኤንኤ መጣ።

ዮናስ፦ ያውም ከዚያው ሌስተር! ኮሌጁ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1984 አሌክ ጄፍሪስ የሚባል ሳይንቲስት የዲኤንኤን አሻራ፣ ሰውን ከሰው የሚለየውን ምርመራ፣ ያገኘው እዚያ ነው። ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀሙበት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ለወንጀል አይደለም። ቤተሰቡ ከጋና የሆነ ልጅ ከአፍሪካ ሲመለስ ብሪታንያ እንዳይገባ ተከለከለ። የእናቱ ልጅ መሆኑን በዲኤንኤ አስመስክረው አስገቡት።

ሰላም፦ ዛሬ የኛ ሰው ለቤተሰብ ፕሮሰስ የሚሰጠው ምርመራ መነሻው ይሄ ነው ማለት ነው።

ዮናስ፦ አዎ፣ ያ ነው። ከጄፍሪስ በኋላ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ቱሪ ኪንግና ማርክ ጆብሊንግ የሚባሉ ተመራማሪዎች ስምን ከዋይ ክሮሞዞም ጋር አገናኙ። ዋይ ክሮሞዞም ወንዶች ብቻ የሚይዙት የዲኤንኤ ክፍል ነው፤ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ነው የሚሄደው። የእንግሊዝ ስምም እንዲሁ። ሁለቱ ጎን ለጎን ነው የሚጓዙት። እና ጠየቁ፦ ስማቸው አንድ የሆነ ሰዎች ዋይ ክሮሞዞማቸውስ አንድ ነው ወይ?

ሰላም፦ እኔ አይደለም ብዬ ነው የምገምተው። ስም እንደሁ በየአጋጣሚው ይያዛል።

ዮናስ፦ እንደ ስሙ ነው። በ2009 ባወጡት ጥናት ከ1,600 በላይ ወንዶችን በ40 ስሞች መረመሩ። ስሚዝና ስሚዝ ከመንገድ ላይ ከያዝሻቸው ሁለት ሰዎች አይበልጥም፤ ዝምድና የላቸውም። አተንቦሮዎቹ ግን ከመቶው ከ70 በላይ የሚሆኑት አንድ ዓይነት ወይም በጣም የተቀራረበ ዋይ ክሮሞዞም ተገኘባቸው። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ከመንደሯ ወጥቶ ስሙን የያዘ አንድ ሰው ልጆች ናቸው ማለት ነው፣ አብዛኞቹ።

ሰላም፦ አንድ ሰው!

ዮናስ፦ አንድ። ከመንደሯ የወጣ ሌላም ሰው ይህን ስም ይዞ ሊሆን ይችላል። ግን ሴት ልጅ ብቻ የወለደ ስሙ እሱ ላይ ያበቃል። ልጅ የሞተበትም እንዲሁ። በ1348 የገባው ወረርሽኝ ስንት ስም ይዞ ሄዷል። እየተጣራ፣ እየተጣራ አንዱ መስመር ቀረ። ብርቅ ስም የሚባለው እንዲህ ነው፤ የተረፈ ስም ነው።

ሰላም፦ ቆይ፣ የቀሩትስ? ከመቶ ሰላሳ የማይሞሉት?

ዮናስ፦ ማደጎ አለ። ባሏ ሞቶባት የእንጀራ አባት ስም ለልጆቿ የሰጠች እናት አለች። ሳታገባ ወልዳ የራሷን ስም ያወረሰች አለች። ከትዳር ውጭ የተወለደም አለ፤ እሱ ግን ሰው እንደሚያወራው አይደለም። በጥናቱ መሠረት ይህ ሁሉ ተደምሮ በአንድ ትውልድ ከ25 ልጅ አንዱን እንኳ አያህልም። እስክሪብቶ ይዤ አሰላሁት። በየትውልዱ ከመቶ ሁለቱ ብቻ ቢዛነፍ፣ ከ20 ትውልድ በኋላ ከመጀመሪያው መስመር የሚቀረው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ነው።

ሰላም፦ እኔ ግን «ተዛነፈ» የሚለው ቃል አይመቸኝም። ያ የእንጀራ አባት ልጁን አሳድጎ፣ አብልቶ፣ ስሙን ሰጥቶ ሄደ። ያ ልጅ አተንቦሮ አይደለም ሊባል ነው?

ዮናስ፦ ልክ ነሽ። ቃሉን አንስቻለሁ። ላብራቶሪው የሚያየው ደሙን ብቻ ነው፤ ስሙን የሰጠው ሰው አባት ነው። ነገሥታቱም ከዚህ አላመለጡም። ሪቻርድ ሦስተኛ በ1485 ጦር ሜዳ ላይ ሞቶ፣ በ2012 አጽሙ ሌስተር ውስጥ ከመኪና ማቆሚያ ሥር ወጣ። የመረመረችው ይህችው ቱሪ ኪንግ ናት። በእናት በኩል ከዛሬ ዘመዶቹ ጋር ገጠመ። በአባት በኩል ግን ዘመድ ከሚባሉት ጋር ዋይ ክሮሞዞሙ አልገጠመም። በመካከል አንድ ቦታ መስመሩ ተለውጧል።

ሰላም፦ በእናት በኩል ገጠመ! እኔ ሁሌ የምለው ይሄን ነው። ስሙ የወንዶቹን ብቻ ነው የሚያሳየው። ከአተንቦሮ ቤት ተወልዳ አግብታ ስሟ የተቀየረ ሴት፣ የልጆቿ ልጆች ካርታው ላይ የሉም። ግን ከዚያችው መንደር ናቸው።

ዮናስ፦ ካርታው ግማሽ ካርታ ነው፤ እውነት ነው።

ሰላም፦ ያን የዮርክሻየሩን ንገራቸው። ስልክ ላይ ስትነግረኝ ጸጉሬ ነው የቆመው።

ዮናስ፦ እሺ። ይሄም የሌስተሮቹ ሥራ ነው፣ በ2007 የወጣ። አንድ እንግሊዛዊ ለምርምር ዲኤንኤ ይሰጣል። መልኩም ነጭ፣ የሚያውቀው የዘር ሐረጉም ሁሉ እንግሊዛዊ ነው። ዋይ ክሮሞዞሙ ግን እስከዚያ ቀን በምዕራብ አፍሪካ ሰዎች ላይ ብቻ፣ ያውም በጥቂቶች፣ የታየ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ስሙ ብርቅ ስም ነው፣ ከምሥራቅ ዮርክሻየር። ተመራማሪዎቹ ሰዎቹን ላለማጋለጥ ስሙን አልጻፉትም፤ የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ ነው ያስቀመጡት።

ሰላም፦ ከዚያ ሌሎቹን ፈለጉ።

ዮናስ፦ ፈለጉ። ያንን ስም የያዙ 18 ወንዶች ሰጡ፤ ሰባቱ ላይ ተገኘ። የቤተሰብ ሐረጋቸው ሁለት ሆኖ ወጣ፤ ሁለቱም 1780ዎቹ ላይ ዮርክሻየር ውስጥ ይቆማሉ። ወረቀቱ ከዚያ ወደ ኋላ አላገናኛቸውም፤ ደሙ ግን አገናኛቸው። ስለዚህ አፍሪካዊው አባት ከዚያ በፊት ነው የመጣው። በባሪያ ንግድ ዘመን ሊሆን ይችላል። ከዚያም በጣም ሊቀድም ይችላል። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሮማውያን በሰሜን እንግሊዝ በሠሩት በሃድሪያን ግንብ ላይ ከሰሜን አፍሪካ የተመለመለ የሮማ ጦር ሰፍሮ ነበር። ሊቢያ የተወለደው ንጉሠ ነገሥት ሴፕቲሚየስ ሴቬረስ በ211 የሞተው ዮርክ ከተማ ነው።

ሰላም፦ አስበው እስቲ። አንድ አፍሪካዊ ዮርክሻየር ገብቶ፣ ወልዶ፣ ልጆቹ የአገሩን ስም ይዘው፣ መልካቸው ተቀይሮ፣ ማንም ሳያውቅ። ስሙ ይዞት ቆየ። ስሙ ብርቅ ባይሆን ኖሮ ሰባቱን ማን ያገኛቸው ነበር?

ዮናስ፦ ማንም። ስሚዝ ቢሆን ኖሮ ጠፍቶ ነበር።

ሰላም፦ ልጅህስ? ያ በመስኮት ያነበበው?

ዮናስ፦ መንደሯን ሄደን ካየን በኋላ፣ ስንመለስ ባቡር ላይ «እኛስ የየት መንደር ነን?» አለኝ። እቤት ገብተን ለአባቴ ደወልን። ስልኩን ለልጁ ሰጠሁት። አባቴ ቁጭ ብሎ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን ስም አንድ በአንድ ጠራለት፤ ልጁ በእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፋል። «አያ፣ ድገምልኝ» ይላል፣ ይደግምለታል።

ሰላም፦ ስንት ደረሱ?

ዮናስ፦ ሰባት። ሰባተኛው ላይ አባቴ ዝም አለ፤ ከዚያ «ከዚህ በላይ ያለውን አክስቴ ነበረች የምታውቀው» አለ። እሷ አሁን የለችም። ልጇ ግን ደብረ ብርሃን አለች።

ሰላም፦ ደውልላት።

ዮናስ፦ እሑድ እደውላለሁ።

ሰላም፦ ስትደውል የሴቶቹንም ጠይቃት። የሰባቱን ሚስቶች ስም።

ዮናስ፦ እሱን ነው መጀመሪያ የምጠይቃት።